ከቁራሌው በፊት መዘውሩን አዙሩት

ጥቁሯ የእግር ሲንጀር በየቤቱ እቃ ቤት ጥግ ወይም በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሳ ተቀምጣለች። ዩኒፎርም የተሰፋባት፣ መጋረጃ የተቀመቀመባት፣ የአንድ ቤተሰብ ጉሮሮ የተደፈነባት መኪና ናት። አሁን ግን መዘውሯ አልዞር ብሏል፣ ወይም ይዞርና ክር ትበጥሳለች። አንድ ቀን ቁራሌው በሰፈሩ ሲያልፍ ይጠራል፤ እግሯ ከባድ ብረት ስለሆነ በሚዛን ደህና ገንዘብ ታወጣለች። ካልሆነም ጭንቅላቷ ይነቀልና እግሯ የካፌ ጠረጴዛ ይሆናል። ሁለቱም ያንገበግቡኛል። አትሠራም የምትባል ሲንጀር በአብዛኛው የደረቀ ዘይት፣ የተዛባ መርፌ ወይም የተሰነቀረ ክር ያለባት መኪና ናት እንጂ የሞተች አይደለችም። አንድ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ላምባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን ችግሯን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊፈታው ይችላል።

የአሠራሯ መሠረት የ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ኤሊያስ ሃው ቀዳዳው ጫፉ ላይ ያለ መርፌን ከታች ከሚመላለስ ሁለተኛ ክር ጋር አጣምሮ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው፤ አይዛክ ሲንጀር ደግሞ የራሱን በ1851። የኩባንያው ታላቅ ፋብሪካ በስኮትላንድ ክላይድባንክ ከ1885 እስከ 1980 ሠርቷል። የመኪናችሁ ሞዴል 15ኬ ከሆነ ኬ የምትባለው ፊደል ያንን ፋብሪካ ታመለክታለች፤ ፋብሪካው ያረፈበት ቦታ ኪልቦዊ ይባል ነበርና። ይህ 15 የተባለው ዓይነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን በብዛት ተቀድቷል፤ በተርፍላይ የተባለው የሻንጋይ መኪናም የእሱው ቅጂ ነው። ለተጠቃሚው ትልቅ በረከት ነው፤ መርፌውም፣ የታችኛው ክር የሚጠነጠንበት ቦቢኑም፣ የቦቢኑ ቤትም አንድ ዓይነት በመሆናቸው ዛሬ ከገበያ የሚገዛ የቻይና መለዋወጫ ለአያት ሲንጀር ልክ ይገባል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህንን ዓይነት የሚመለከት ነው፤ ምልክቱም የላይኛው ክር ማጥበቂያ በጭንቅላቷ የግራ ጫፍ፣ በፊት ክዳኑ ላይ መሆኑ ነው።

በአገራችን ሰፊና መኪናው ከበረንዳ ተለይተው አያውቁም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር መባሉ በግራና ቀኙ ከተደረደሩት የሰፊዎች መኪኖች ድምፅ የተነሣ ነው። መብራት ጠፋ አልጠፋ የማይገዳት መሣሪያ ስለሆነች ዛሬም እንጀራ የሚበላባት ብዙ ሰው አለ።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ስፌቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። መርፌው ጨርቁን ወግቶ እስከ ታች ይወርዳል፤ ስፌቱ የሚያዘው ግን ሲወርድ ሳይሆን ሲነሣ ነው። ከመጨረሻው ዝቅታ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ክሩ በጨርቁ ስለሚያዝ ከመርፌው ጋር አይነሣም፤ ከቀዳዳው በላይ ወደ ጎን ያብጥና ትንሽ ቀለበት ይሆናል። መርፌውን ብርሃን ላይ አዙራችሁ ብታዩት በአንድ ወገኑ ረጅም ቦይ አለው፤ ክሩ ሲወርድ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። በሌላው ወገን ከቀዳዳው በላይ አጭር ጎድጓዳ አለ፤ ቀለበቱ የሚያብጠው በዚህ በኩል ነው። በዚያች ቅጽበት ከታች ያለው መንጠቆ፣ ሹትሉ፣ ሹል አፍንጫውን በቀለበቱ ውስጥ ያስገባል። ቀለበቱን አስፍቶ በቦቢኑ ቤት ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ በዚህ ጊዜ የላይኛው ክር የታችኛውን አቅፎታል። ከፊት ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው የክር መሳቢያ ክንድ የተረፈውን ክር ሲስብ ሁለቱ ክሮች የሚጠላለፉባት ነጥብ በጨርቁ ውፍረት መሃል ትቀበራለች። ከጨርቁ ሥር ያሉት የብረት ጥርሶች ጨርቁን አንድ እርምጃ ይገፉትና ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል። ይህን በቀስታ፣ በእጅ መዘውሩን እያዞረ፣ የመርፌ ሥሩን ብረት ገልጦ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ ሲንጀርን አይፈራም። የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር መቼ መገናኘት እንዳለበት ዓይኑ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ታማሚዋ። መዘውሩ ጨርሶ አልዞር ካለ በጉልበት አትታገሉት፣ መዶሻም አታስጠጉ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ዘይት ነው፤ ያውም የተሳሳተ ዘይት። የስፌት መኪና ዘይት ሲጠፋ የወጥ ዘይት ጠብ ይደረግባታል፤ በእኛ አገር ደግሞ የኑግ ዘይት። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው። ይህ አሲድ ከአየር ኦክስጅን ሲያገኝ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ዘይቱ መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ደርቆ ቫርኒሽ ይሆናል። ለወጥ ወደር የሌለው ዘይት ከወረቀት በቀጠነው የዘንግና የቀዳዳ ክፍተት ውስጥ ማጣበቂያ ሆኖ ይቀራል። መጋጠሚያዎቹ ላይ በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ቡናማ ቅርፊት ካያችሁ እሱ ነው። የሞተር ዘይትም መድኃኒት አይደለም፤ ለዚህ ጠባብ ክፍተት ይወፍራል፣ ጨርቁንም ያጠቁራል። የሚፈለገው ቀለም የሌለው፣ እንደ ስፌት መኪና ዘይት የሚሸጠው ቀጭን የማዕድን ዘይት ነው።

የደረቀውን ለማላቀቅ ላምባ ይበቃል። ክሩን፣ መርፌውንና የቦቢኑን ቤት አውጡ። ከሥሯ ጋዜጣ ወይም ካርቶን አንጥፉ። በጀርባዋ ባሉት ሁለት ማጠፊያዎች ላይ ወደ ኋላ አጋድሟት፤ ከዚያ በፊት ግን ማጠፊያዎቹን የያዙት ሁለት ብሎኖች መጥበቃቸውን እዩ፤ እነሱ ከላሉ ጭንቅላቷ ወለል ላይ ትወድቃለች። ከላይ ባሉት የዘይት ቀዳዳዎች ሁሉና ብረት በብረት ላይ በሚንሸራተትበት ቦታ ሁሉ ላምባ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሰው የሚረሳቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ በግራ ጫፍ ካለው ክዳን ጀርባ ያለው የመርፌ ዘንግ፣ ከክንዷ ጀርባ ባለው ክብ ክዳን ሥር ያለው ቢየላ (አገናኝ ዘንግ)፣ እና ሹትሉ የሚመላለስበት ቀለበት። ከዚያ እንድታድር ተዉአት። መስኮት ክፈቱ፤ ከሰልም ሻማም በዚያ ክፍል አይኑር።

በማግስቱ መዘውሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ወዝውዙት። ጥቂት ካላላ ጥሩ ምልክት ነው፤ ላምባ ጨምሩና ድገሙት። ግትር ካለ የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይረዳል፤ የደረቀው ዘይት ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሙቀቱ ግን ላምባው ተጠርጎ፣ ሽታው ከጠፋ በኋላ ይሁን። ቡናማ ፈሳሽ መውጣት ሲጀምር በጨርቅ ጥረጉት፤ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መኪናዋ ስለዞረች ብቻ ደስ ብሎት መስፋት ይጀምራል። ላምባ ግን ቅባት አይደለም፤ ነባሩን ዘይት አጥቦ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል። ስለዚህ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ጨምሩ፣ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ክር አዙሯት፣ የፈሰሰውን ጥረጉ። ቀኑን ሙሉ የሚሰፋባት ሰው በየቀኑ ዘይት ሊሰጣት ይገባል።

መዘውሩ እንደ ልብ እየዞረ መርፌው የማይንቀሳቀስበት ጊዜም አለ። ይህ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በመዘውሩ መሃል ያለው ክብ ማጥበቂያ ቦቢን ሲጠነጠን መርፌው እንዲያርፍ የሚላላ ነው፤ አንድ ሰው አላልቶት ረስቶት ይሆናል። አጥብቃችሁትም ካልያዘ በማጥበቂያው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈትታችሁ አውጡት። ከኋላው ሮንዴላ ታገኛላችሁ፤ በውጭ ሦስት ጆሮ፣ በውስጥ ሁለት የታጠፉ ምላሶች አሉት። አጽዱትና ምላሶቹ ወደ እናንተ እንደታጠፉ መልሱት። አሁንም ማጥበቂያው አልይዝ ወይም አልላላ ካለ ሮንዴላውን አውጥታችሁ ግማሽ ዙር አዙራችሁ አስገቡት። በዚህች በአንዲት ሮንዴላ የተነሣ መኪና ተበላሸች ተብሎ ሲፈረድባት ማየት ያሳዝናል።

ስትሰፋ ቆይታ በድንገት ቀጥ ያለች መኪና ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ የተበጠሰ ክር በሹትሉና በሚመላለስበት ቀለበት መሃል ተሰንቅሯል። ክሩን በመቀስ አትጎትቱ፤ ቦታው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ጨምሩና መዘውሩን ወደ ኋላና ወደ ፊት አወዛውዙት። ካልተለቀቀ የቦቢኑን ቤት አውጥታችሁ ቀለበቱን የያዙትን ሁለት መቆለፊያዎች ወደ ጎን ክፈቱ፤ ሹትሉ በእጅ ይወጣል። በቆዩት መኪኖች ላይ በመቆለፊያ ፋንታ ብሎን ይኖራል። ቦታውን በጥርስ ብሩሽ አጽዱ፤ ከጥርሶቹ ሥር የተጠቀጠቀ ብናኝም ካለ አውጡት። የሹትሉን አፍንጫ በጥፍራችሁ ዳስሱት። ሸካራ ከሆነ ክር የሚበጥሰው እሱ ነው፤ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማለስለስ ይቻላል፤ ሹልነቱን እስኪያጣ ድረስ ግን አይደለም።

አሁን መኪናዋ ትዞራለች፤ ስፌቱ ግን አልያዝ አለ። ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት አዲስ መርፌ አስገቡ። ቁጥሩ 15 በ1 የሚባለው፣ በዘመኑ ፓኬት ላይ 130/705 ተብሎ የሚጻፈው ነው። የመርፌው ራስ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ በዚህች መኪና ላይ ጠፍጣፋው ወደ ግራ፣ ረጅሙ ቦይ ወደ ቀኝ ይሆናል፤ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። ተገልብጦ ከገባ ቀለበቱ የሚያብጠው ከሹትሉ በተቃራኒ ይሆናልና አንድም ስፌት አይያዝም። የመርፌው ራስ እስከ መጨረሻው መገፋቱንም አረጋግጡ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢወርድ እንኳ ከላይ የተናገርነው የመርፌውና የሹትሉ ቀጠሮ ይፈርሳል። ለነጠላና ለስስ ጨርቅ 9 ወይም 11 ቁጥር፣ ለአቡጀዲ 14፣ ለጂንስና ለወፍራም ካኪ 16 ወይም 18 ይሆናል። ነጠላ ሲሰፋ ጨርቁ በመርፌ ሥሩ ብረት ቀዳዳ ወደ ታች ከተሳበ ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ አብራችሁ ስፉትና ኋላ ቅደዱት፤ ጨርቁን ተጭኖ የሚይዘውን እግር ጫናም ከላይ ባለው ብሎን ቀነስ አድርጉ።

ክር ስታስገቡ እግሩ ወደ ላይ ይሁን። እግሩ ሲነሣ የክር ማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች ይላቀቃሉ፤ እግሩ እንደወረደ የገባ ክር በሳህኖቹ መሃል ሳይሆን በላያቸው ስለሚቀር ምንም ያህል ብታጠብቁት አይሰማም። ታች ያለው ክር ደግሞ በቦቢኑ ቤት ስንጥቅ ገብቶ ከምላጯ ሞላ ሥር መውጣት አለበት። ልኩን ለማወቅ የቦቢኑን ቤት በክሩ አንጠልጥሉት፤ ዝም ብሎ መውረድ የለበትም፣ እጃችሁን ትንሽ ነቅነቅ ስታደርጉት ግን ጥቂት ወርዶ ቢቆም ልክ ነው። ማስተካከያዋ ብሎን ትንሽ ናት፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ያነሰ ንኩ።

ጨርቁ ላይ የሚታየውን ማንበብም ይቻላል። ከሥር በኩል የተንዛዛ ቀለበት ከታየ ጥፋቱ ያለው ከላይ ነው፤ ሰው ግን ችግሩን ባየበት በኩል ይፈልገውና የቦቢኑን ብሎን ማዞር ይጀምራል፤ ደህናውን ክፍል ያበላሻል። ከላይ በኩል የታችኛው ክር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከወጣ የላይኛው በጣም ጠብቋል። ሁለት ቀለም ክር፣ ቀይ ከላይ፣ ነጭ ከታች አድርጎ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ መሞከር ሁሉን ያሳያል። ስትጀምሩ ሁለቱንም የክር ጫፎች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አውጥታችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ስፌቶች ያዟቸው፤ አለበለዚያ ከሥር ይተበተባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ስፌት ከዘለለች የመርፌውን ዘንግ ከፍታ መፈተሽ ነው። የመርፌ ሥሩን ብረት አንሡና መዘውሩን ወደ እናንተ በቀስታ አዙሩ። መርፌው ከመጨረሻው ዝቅታ ተነሥቶ የሹትሉ አፍንጫ አጠገቡ ሲደርስ አፍንጫው ከመርፌው ቀዳዳ በላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ በመርፌውና በአፍንጫው መሃል ያለው ክፍተትም ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ። የሹትሉ ጊዜ በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ የሚስተካከለው የመርፌው ዘንግ ነው፤ የግራውን ክዳን ስትከፍቱ ዘንጉን የያዘ ማሰሪያ ብሎን ታገኛላችሁ። ከማላላታችሁ በፊት ዘንጉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ወፍራም ቆዳ ላይ ወይም ቁልፍ ላይ የወደቀ መርፌ ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቀጠሮው ይዛባል።

የመርገጫው ክፍል ብዙ አያስቸግርም። ትልቁ መንኮራኩር አንድ ጊዜ ሲዞር ላይኛው መዘውር አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። በየዙሩ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መርገጫውን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ላልቷል፤ አጥብቁት፣ ዘይትም ስጡት። ቺንጊያው ክብ የቆዳ ጠፍር ነው፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል። ሲላላ ይንሸራተታል፤ ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ አዲስ ቀዳዳ አበጁለትና የሽቦ መቆንጠጫውን በፒንሳ ደግማችሁ አያይዙት። ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት እግር ይደክማል፣ የመዘውሩም ኩሽኔታ ይበላል። ስትጀምሩ መዘውሩን በእጅ ወደ እናንተ ግፉት፤ እግር ብቻውን ከጀመረ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል፣ ወደ ኋላ የዞረች መኪና ደግሞ ክሯን ሹትሉ ውስጥ ትቋጥራለች።

ስለ ወርቃማው ሥዕሏ አንድ ነገር። ያ ጌጥ የተሸፈነው ሼላክ በሚባል ቫርኒሽ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። የመስታወት ማጽጃ፣ አልኮል፣ አሞኒያ ያለበት ነገር አንዴ ከነካው ወርቁ ወደ ብርማ ይለወጣል ወይም በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ አይመለስም። ጥጥ ላይ የመኪና ዘይት አድርጎ ቀስ ብሎ ማበስ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የማይድኑም አሉ። ክንዷ ወይም መቀመጫዋ የተሰነጠቀ፣ ሹትሉ የሚመላለስበት ቀለበት በዝገት ተበልቶ የጎደጎደ መኪና አትመለስም። እሷንም ቢሆን ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ፍቱት። የሲንጀር ብሎኖች አብዛኞቹ የራሳቸው ጥርስ አላቸው፤ የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ብሎን አይገጥምም፣ በግድ ከገባም ቀዳዳውን ያበላሻል። ስለዚህ ብሎኖቹን፣ ሞላዎቹን፣ የክር ማጥበቂያውን ሳህኖች፣ የመርፌ ማሰሪያውን፣ ያቺን ባለ ሦስት ጆሮ ሮንዴላ ጭምር ክዳን ባለው ጣሳ ከትንሽ ዘይት ጋር አስቀምጡ፤ የማን እንደሆኑም በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። የሰፈሩ ሰፊ ካወቀ ሊፈልጋችሁ ይመጣል።